የገደል ማሚቶ በሳሎን ውስጥ

እናቴ ወጥ ቤት ሆና ማንጎራጎር ያቆመችው እኔ ዲሌይ የተባለውን የጊታር ፔዳል ባመጣሁ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። የቆየ ልማዳችን ነበር፤ ማታ ማታ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ በዝግታ ትዝታ ስደረድር፣ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ከሥር ከሥር ትከተለኛለች፤ ግጥሙ የጠፋት እንደሆነ በ«እምም» ትሞላዋለች። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ወጥ ቤቱ ጭጭ አለ። «እማዬ፣ ምነው ጠፋሽ?» ብላት፣ «ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትጫወተው? እኔማ መግቢያ አጣሁ» አለችኝ።

«መግቢያ አጣሁ» የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ሰነበተ። ዕቃውን ያገኘሁት ብዙ አገላብጬ፣ ጊታር የሚያውቁ ወዳጆቼን አስቸግሬ፣ ውጭ አገር የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ሻንጣ አጣብቤ ነበርና ጉድለት አለው መባሉ አልዋጥልኝ አለ። እያደር ግን የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ የመለሱልኝ እኔ ያልጠየቅኩትን እንደነበረ ገባኝ። እነሱ የነገሩኝ በመድረክ ላይ፣ ከከበሮና ከቤዝ ጊታር ጋር፣ በሕዝብ ፊት የቱ ፔዳል እንደሚያምር ነው። እኔ የምጫወተው ግን ሦስት በአራት በሆነች ሳሎን፣ መጋረጃና ምንጣፍ ድምፅ በሚውጡበት፣ አንዲት እናት ብቻ በምታደምጥበት ቤት ነው። የመድረኩ መልስ ለሳሎኑ ጥያቄ አልሆነም።

ለመሆኑ ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ሳጥን ሂስ ይጻፋል ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። በበኩሌ ይጻፋል እላለሁ። ፔዳል የሠራ ሰው «ያማረ ድምፅ ማለት ይህ ነው» ብሎ ፈርዷል። ሁለት ማዞሪያ ብቻ የሰጠን እንደሆነ ሦስተኛውን ነገር እሱ ወስኖልናል ማለት ነው። ደራሲ ባለታሪኩን ምን እንደሚያናግር፣ ምን እንደሚያስደብቅ ይመርጣል፤ እኛም ምርጫውን እንመረምራለን። የፔዳሉንም ምርጫ ብንመረምር ነውር የለውም። እንዲያውም በየቤታችን በየማታው የምንሰማው እሱን ነውና ብዙ ከሚወራላቸው መጻሕፍት ይልቅ ጆሯችንን የሚቀርጸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከኮረስ ልጀምር። ቃሉ የመዘምራን ኅብረት ማለት ነው፤ የሐሳቡም መነሻ ከዚያው ነው። በማኅሌት ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ነገሩን ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ሃያ ደብተራ አንድ ዜማ ያነሣል። ዜማው አንድ ነው፤ ሃያው ጉሮሮ ግን ፈጽሞ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንዱ ቀደም ብሎ ይነካል፤ አንዱ ለጥቂት ይዘገያል፤ የአንዱ ድምፅ ትንሽ ከፍ፣ የሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህ ጥቃቅን ልዩነት ተደማምሮ ነው አዳራሹን የሚሞላውን፣ ከየት እንደሚመጣ የማይለየውን ሰፊ ድምፅ የሚሰጠው። መሐንዲሶቹ ይህን ልዩነት ከአንድ ጊታር ለማውጣት ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው። የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው እንዳለ ያልፋል። ሁለተኛው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 በታች በሆነ ጊዜ ይዘገያል፤ የመዘግየቱም ልክ እንደ እስትንፋስ እየረዘመና እያጠረ ይሄዳል። መዘግየቱ ሲለዋወጥ ደግሞ ቃናው ይዋልላል። ጥሩምባውን እየነፋ በፊታችን የሚያልፍ መኪና ሲቀርብ ድምፁ የሚቀጥነው፣ ሲርቅ የሚወፍረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1975 ጃዝ ኮረስ 120 በተባለው አምፕሊፋየሩ ውስጥ አስገባው። አምፕሊፋየሩ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አሉት፤ ኮረሱ ሲከፈት በአንደኛው ያልተነካው ድምፅ፣ በሁለተኛው የሚዋልለው ድምፅ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙት በሽቦ ውስጥ አይደለም። የሚገናኙት በክፍሉ አየር ላይ፣ ከዚያም በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ነው። ለእኔ የኮረስ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1976፣ ይኸው ሥራ ከአምፕሊፋየሩ ተነጥሎ ቦስ በሚል ስም ሲኢ-1 የተባለ ከባድ የወለል ሳጥን ሆነ። በ1979 ደግሞ ሲኢ-2 የተባለው፣ በመዳፍ የሚያዝ ሰማያዊ ፔዳል ተከተለ። ዛሬም ድረስ አዋቂዎች ስሙን በአክብሮት የሚጠሩት ይህን ሰማያዊ ፔዳል ነው።

እኔ በዚህ አክብሮት በግማሽ ልብ ነው የምስማማው። ሲኢ-2 መውጫው አንድ ብቻ ነው። ያልተነካውና የሚዋልለው ድምፅ ሳጥኑ ውስጥ ተጋብተው፣ በአንድ ሽቦ ወጥተው፣ በአንድ ድምፅ ማጉያ ይሰማሉ። ሰፊ መድረክ ላይ አዳራሹ ራሱ ጉድለቱን ይሞላዋል። በትንሽ ሳሎን፣ በአንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ሲሆን ግን ስፋቱ ይቀርና መዋለሉ ብቻ ይቀራል፤ መዘምራኑ ሄደው አንድ የሰከረ ዘማሪ የቀረ ይመስላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚጫወት ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የፔዳሉ ዝና መሆን የለበትም፤ «መውጫው ስንት ነው?» የሚለው ነው። ሁለት መውጫ ያለውን ከሁለት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ጋር አንዱን በስተቀኝ፣ አንዱን በስተግራ አድርጎ ያገናኘ ሰው የጃዝ ኮረሱን ምሥጢር በድህነት ዋጋ ያገኘዋል። ቦስ በ2016 ሲኢ-2ን እንደገና ሲያወጣ፣ ሲኢ-2 ደብልዩ ባለው አዲስ ምርት ላይ የጥንቱን የሲኢ-1 ድምፅና ሁለተኛ መውጫ ጨምሮበታል። ይህን ያደረጉት እንዲሁ ለጌጥ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ከእኛው ዜማ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸውን ቅኝቶች በኮረስ ውስጥ አሳልፌ ተራ በተራ ሰምቻቸዋለሁ። ትዝታ ብዙም አይጎዳም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፤ መዋለሉ ቢነካካቸውም አይደባለቁም። አንቺሆዬ ግን ተሰቃየ። የአንቺሆዬ ውበት ጎን ለጎን ከተጠጋጉት ድምፆች ነው፤ መነሻው ላይ አንድ ጥብቅ እርምጃ አለ፣ መካከሉ ላይ ሌላ ጥብቅ እርምጃ አለ። ጣትህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትንሸራተት የሚሰማው ቅሬታ የመሰለ ነገር ነው ቅኝቱን አንቺሆዬ የሚያደርገው። ኮረሱ በጥልቀት የተከፈተ እንደሆነ የመጀመሪያው ድምፅ ወደ ላይ ሲዋልል፣ ሁለተኛው ወደ ታች ሲዋልል፣ መካከል ላይ ይገናኙና ያቺ ጠባብ በር ትዘጋለች። ዘፋኞቻችን በጉሮሯቸው የሚሠሩት ጥቃቅን ማንጓጠጥም እንዲሁ ነው። ሰው ሆን ብሎ ያጣመመውን ድምፅ ማሽን ሳያስበው ከሚያጣምመው ጋር ብትደባልቀው የሚጠፋው የሰውየው ነው።

ይህን ስል ከጥሬ ክር በቀር ሌላ ድምፅ አልሰማም የሚል ሰው እንዳልመስል። አባቶቻችንም ድምፅ ለዋጭ ነበራቸው። የበገና ክር ከብርኩማው በሚነሣበት ቦታ ላይ የምትገባው ትንሿ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ፣ ሥራዋ ይኸው ነው፤ እሷ ባትኖር በገና ያ የሚያንዘረዝር ድምፁ አይኖረውም። ነገር ግን የበገና ደርዳሪ እንዚራውን ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻው እያንቀሳቀሰ በጆሮው ያስተካክላል። አንድ ቦታ ተክሎ አሥሩንም ክር እኩል አንዘርዝር አይልም። ፔዳል ስመርጥ እንግዲህ የማነጻጽረው ከዚህች ቆዳ ጋር ነው፤ ምን ያህል ያስተካክሉኛል፣ ምን ያህልስ ተወስኖልኝ መጣ?

በዚህ ሚዛን የኒው ዮርኩ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ የሠራው ስሞል ክሎን ከሁሉ ግትሩ ነው። አንድ ማዞሪያና አንድ ማብሪያ ብቻ አለው፤ ማዞሪያው ፍጥነቱን ይወስናል፣ ማብሪያው ጥልቀቱን «ትንሽ» ወይም «ብዙ» ያደርገዋል፤ ሌላ የለም። የኒርቫናው ኩርት ኮቤይን በ1991 በወጣው «ከም አዝ ዩ አር» በተባለው ዘፈን ላይ ተጠቅሞበታል፤ ያን ዘፈን የሰማ ሰው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚሰማ የመሰለውን የጊታር ድምፅ አይረሳውም። ለዚያ ዘፈን ከዚህ የተሻለ ፔዳል ያለ አይመስለኝም። በእኔ ሳሎን ግን ከ«ትንሹ» በታች ያለው መጠን ነበር የሚያስፈልገኝ፤ እሱ ደግሞ የለም።

አዋቂዎች በንቀት የሚያልፉት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የቦስ ሲኤች-1 በበኩሌ ለቤት ከሁሉ ይሻላል። «ብርጭቆ ብርጭቆ ይላል፣ ሙቀት የለውም» ይሉታል፤ እውነት ነው፤ ከሲኢ-2 ጋር አጠገብ ለአጠገብ ሲሰማ ቀዝቃዛ ነው። ነገር ግን ሌላው የነፈገንን ማዞሪያ ሰጥቶናል። የሚዋልለው ድምፅ ካልተነካው ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል ይሁን የሚለውን ለባለቤቱ ትቶታል። ያንን ማዞሪያ ከሩብ ሳላሳልፍ፣ ጥልቀቱን ዝቅ፣ ፍጥነቱንም ዘገም አድርጌ አንቺሆዬን ስጫወት ጠባቧ በር ሳትዘጋ ክፍሉ ብቻ ትንሽ ይሰፋል። ሙቀት ከጣት ሊመጣ ይችላል፤ ማዞሪያ ግን ከጣት አይመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ጎረቤት ይተኛል፣ ሕፃን ይኖራል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። ዝቅ ሲል የጊታሩ ክር ራሱ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። ስለዚህ ያልፈለግነው ሌላ «ያልተነካ ድምፅ» ቀድሞውኑ አለ ማለት ነው። መደብር ውስጥ ከፍ ባለ ድምፅ ሞክሮ የወደደውን ፔዳል ቤቱ ሲያስገባው የሚጠላ ሰው አታለሉኝ ብሎ ሻጩን አይቀየም።

ወደ ዲሌይ ልመለስ፤ እናቴን ያባረረው እሱ ነውና።

የገደል ማሚቶን በመሣሪያ መሥራት የተጀመረው በቴፕ ነው። በሜምፊስ ከተማ፣ ሳን በተባለው ስቱዲዮ፣ ሳም ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1954 ኤልቪስ ፕሪስሊን ሲቀዳ ድምፁን ወደ ሁለተኛ የቴፕ ማሽን ልኮ፣ ቴፑ ከመቅጃው ራስ ወደ ማሰሚያው ራስ እስኪደርስ በሚፈጀው ቅጽበት አዘግይቶ መልሶ ቀላቀለው። ቴፑ ግን ያልቃል፣ ይበጠሳል፣ ማሽኑም ይከብዳል። ነገሩን በእግር ሊረገጥ ወደሚችል መጠን ያወረደው በሆላንድ በፊሊፕስ የምርምር ክፍል ሳንግስተርና ቴር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1969 ያሳወቁት የኤሌክትሮኒክስ ፈጠራ ነው። አሠራሩ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። እሳት የተነሣ ጊዜ ሰፈርተኛው ከቦኖው እስከ ቤቱ ተሰልፎ ባልዲ እንደሚቀባበል፣ የድምፁም መጠን ከአንዷ ማጠራቀሚያ ወደሚቀጥለው እየተገለበጠ በሺህ የሚቆጠሩ እጆችን ያልፋል። በመጨረሻው እጅ ሲደርስ ዘግይቷል። በመንገድ ላይም ጥቂት ፈስሷል።

ያ የፈሰሰው ነው ቁም ነገሩ። ቦስ በ1981 ያወጣው ዲኤም-2 በዚህ በባልዲው ዘዴ የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ማሚቶ ከቀዳሚው ይልቅ ጨለም፣ ደብዘዝ ብሎ ይመለሳል፤ እውነተኛውም ገደል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በ1983 የተከተለው ዲዲ-2 ግን ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ የሚያስቀምጥ የመጀመሪያው የትንሽ ፔዳል ዲጂታል ዲሌይ ሲሆን፣ በ1986 ዲዲ-3 ተተካበት። ቁጥር አይፈስም። የነገርከውን ቃል በቃል፣ ከነስሕተቱ፣ ይመልስልሃል። ሰዎች ይህን «ንጹሕ» ይሉታል። እኔ ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር እለዋለሁ። ጊዜ አጠባበቅን ብቻህን ለምትለማመድበት ሰዓት ከዚህ የበለጠ መምህር የለም፤ ጣትህ የዘገየች እንደሆነ ወዲያው ያጋልጥሃል። ሰው አጠገብህ ሲያንጎራጉር ግን ምስክር አያስፈልግም።

ከጨለማነቱና ከብርሃንነቱ ይልቅ የበለጠ ያደከመኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። መጻፊያዎቹ ሁሉ በሚሊ ሰከንድ ያወራሉ፤ ሚሊ ሰከንድ ደግሞ ለጆሮ ምንም አይነግረውም። እኔ ነገሩን ወደ ሜትር በመለወጥ ገላገልኩት። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ማሚቶ ደርሶ መልስ ነውና ርቀቱን ለሁለት ታካፍለዋለህ። 100 ሚሊ ሰከንድ ማለት 17 ሜትር ራቅ ብሎ ያለ ግድግዳ ነው፤ ከሰፊ ግቢ ማዶ ያለ የጎረቤት ቤት ማለት ነው። 300 ሚሊ ሰከንድ 51 ሜትር ላይ ያለ ገደል ነው። 600 ሚሊ ሰከንድ ደግሞ ከመቶ ሜትር የሚያልፍ ሸለቆ ማዶ ነው። ማዞሪያውን ስትነካ እንግዲህ ገደሉን እያቀረብክና እያራቅክ ነው። ሦስት በአራት የሆነ ሳሎን ውስጥ ሆነህ የመቶ ሜትር ሸለቆ የምትከፍት ከሆነ ለምን እንደከፈትከው ማወቅ አለብህ።

ምት ላለው ዘፈን ምክንያቱ ይገኛል። የዩ ቱው ጊታር ተጫዋች፣ ኤጅ የሚባለው፣ ዲሌዩን ከምቱ ጋር አጣልቶ ማስታረቅ ያውቅበታል፤ በአራት ምት በሚሄድ ዘፈን ውስጥ ማሚቶውን የምቱ ሦስት አራተኛ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጣቱ የዘለለውን ማሚቶው ይሞላለታል። ይህን ብልሃት ሰምቶ በቀጥታ ችክችካ ላይ የሚያውለው ሰው ግን ሲደናበር አይቻለሁ፤ ራሴም ተደናብሬያለሁ። የእኛ ምት በአራት አይከፈልም። ሁለት ጭብጨባ አለ፤ እያንዳንዱ ጭብጨባ ለሦስት ይከፈላል፤ ጠቅላላው ስድስት ነው። ጭብጨባው በደቂቃ 100 ቢሆን አንዱ ጭብጨባ 600 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የስድስቱ እያንዳንዱ 200 ይሆናል። ዲሌዩን 400 ላይ ካደረግኸው ማሚቶው ሦስተኛው ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ አምስተኛው ላይ፤ ቀጥሎ ዞሮ የመጀመሪያው ላይ ይገጥማል። እጅ ሁለት ሲያጨበጭብ ማሚቶው ሦስት ይመታል ማለት ነው። ሁለት በሦስት ላይ! እስክስታ የሚያስወርደን ትከሻና እግር የተለያየ ነገር የሚያደርጉበት ያ ጉተታ ከዚህች ሳጥን ሲወጣ የሰማሁ ዕለት ብቻዬን ሳቅሁ።

ይህች ሒሳብ ግዢውንም ትወስናለች። ዲኤም-2 ቢበዛ የሚያዘገየው 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጭብጨባው በደቂቃ ወደ 133 እስኪፈጥን ድረስ ከላይ የተናገርኩትን ብልሃት አይደርስበትም። ስለ ድምፁ ጥልቀት የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆንም፣ ለአሮጌው ዲኤም-2 ሰብሳቢዎች የሚከፍሉትን ገንዘብ እዚህ አገር ሆኖ የሚከፍል ሰው መለስተኛ ፍጥነት ያለውን ዘፈናችንን አብሮ መርሳት አለበት። በ2014 እንደገና የወጣው ዲኤም-2 ደብልዩ እስከ 800 የሚሄድ ተጨማሪ አማራጭ አለው። ዲዲ-3ም 800 ይደርሳል። ኤምኤክስአር በ2008 ያወጣው ካርቦን ኮፒ የተባለው አረንጓዴ ፔዳል በባልዲው ዘዴ የሚሠራ ሆኖ 600 ይደርሳል፤ ሦስት ማዞሪያ ብቻ አለው፤ ማሚቶዎቹም ጨለማ ናቸው፤ አንዳንዶች «ጭቃ» ይሉታል። እኔ ያስቀረሁት እሱን ነው። ጭቃነቱ ለሌላው ጉድለት ይሁን እንጂ ለእኔ ሰው ፊት አለመደንቀር ነው።

ትዝታ ላይ ግን ይህ ሁሉ ሒሳብ ገደል ገባ። በዝግታ የሚዜም ትዝታ ምቱ አይቆጠርም። ዘፋኙ አንዱን ሐረግ ይጥልና ያርፋል፤ ዕረፍቱ ምን ያህል እንደሚሆን እሱም አያውቅ። ትንፋሽ ነው፤ አንዳንዴም ሲቃ ነው። አጃቢው የሚመዘነው በዚያች ዕረፍት ላይ ምን ባለማድረጉ ነው። ዲሌይ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም። እኔ ሐረጌን ጥዬ ጣቴን ባነሣ፣ ሳጥኑ ያንኑ ሐረግ ሦስቴ አራቴ እያለ እናቴ ልትገባበት ወዳሰበችው ቦታ ያፈሰዋል። እሷ ሥነ ሥርዓት የምታውቅ ሰው ናትና ሰው ሲናገር አታቋርጥም። ማሚቶው እስኪጨርስ ትጠብቃለች፤ እሱ ሳይጨርስ እኔ ቀጣዩን እጥላለሁ። «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ማለቷ ለካ ቀልድ አልነበረም።

ይህ በሽታ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ሠርግ ቤት ድንኳን ውስጥ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ማይክራፎኑ «ሄሎ፣ ሙከራ፣ አንድ ሁለት» ሲባልበት «ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት» ብሎ ካልመለሰ «ኤኮውን ጨምርለት!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ሽማግሌ ሲመርቅ ምርቃቱ ከአሜኑ ጋር ይጋጫል። ባለ አንድ ኪቦርዱ ዘፋኝ ድምፁ እንዳያልቅበት በማሚቶ ይሸፍነዋል፤ እኛም ሽፋኑን የድምፅ ማማር አድርገን ለምደነዋል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ማሚቶ ሰፊ ቦታን ያስታውሳል፣ ሰፊ ቦታም ክብርን። ግን ሁሉም ሰው በተራራ አናት ላይ ቆሞ የሚናገርበት አገር ውስጥ ጠጋ ብሎ የሚያወራ ሰው የት ይገኛል?

ለማንኛውም ቤት ውስጥ ትዝታ ለሚያጅብ ሰው የደረስኩበትን ልንገረው። ገደሉን አቅርቡት፤ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲያ አይለፍ። መመለሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። መጠኑ ደግሞ ሲኖር የማይሰማ፣ ሲዘጋ ግን የሚናፈቅ ይሁን። ድምፁ ዝቅ ባለበት ቤት ውስጥ ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ማሚቶው ከመንገዱ ጫጫታና ከጎረቤት ቴሌቪዥን በታች ስለሚሆን እጅ ሳያስበው ማዞሪያውን ይጨምራል። እኔ ቀኑን ሙሉ የወደድኩትን መጠን ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ሰምቼ አፍሬበታለሁ። ማስተካከል በሌሊት ነው። ሁለቱንም ፔዳል የሚያበራ ሰው ኮረሱን ከጊታሩ በኩል፣ ዲሌዩን ከአምፕሊፋየሩ በኩል ያድርግ። በተቃራኒው ከሆነ እያንዳንዱ ማሚቶ በተመለሰ ቁጥር ኮረሱ እንደገና ስለሚያዋልለው የመጀመሪያው ሐረግ ምን እንደነበረ ይረሳል።

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ቃል። እነዚህ ሳጥኖች አብዛኞቹ በ9 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚጠፉት በራሳቸው ጥፋት ሳይሆን አብሯቸው በሚመጣው መለወጫ ነው። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ መለወጫ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛው 220 በአንድ ትንፋሽ ይበላዋል። የእኔ የመጀመሪያው እንዲሁ ተቃጥሎ ቤቱን ለሦስት ቀን የጎማ ሽታ አሸተተው፤ ጽሑፉን ያላነበብኩት እኔ ነኝና የምከሰው የለም። ባትሪ ደግሞ ለዲጂታሉ ቶሎ ያልቃል፤ በባልዲው ለሚሠራው ትንሽ ይቆያል። መብራት በጠፋ ማታ ይህም የሚቆጠር ነገር ነው።

ባለፈው ሳምንት ያን ሁሉ አስተካክዬ፣ ኮረሱን ፈጽሞ ዘግቼ፣ ገደሉን የጎረቤት ግድግዳ ያህል አቅርቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ሐረግ ጥዬ ጠበቅሁ። ከወጥ ቤት ምንም አልመጣም። ሁለተኛውን ጣልኩ። ድስት ተከደነ። ቀጥላም በሩ ላይ ብቅ አለችና፣ ማንኪያዋን እንደያዘች፣ «ያ ሰውዬ ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

«አለ፤ ዝም ብሎ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ያቺን የቅድሟን ድገማት።»